እትዬ አሰገደች እሰይ አላሉም

ደውሎ ያረዳኝ ሰው «ያቺ የቢራዋ ሴትዮ እኮ አረፈች» ነው ያለኝ። መጀመሪያ ስለ ማን እንደሚያወራ አልገባኝም። የገባኝ ጊዜ ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣው ንዴቱ ነው። ሰውዬው የሞላሌ ልጅ ነው፤ እትዬ አሰገደች ቀምሰው ያሳለፉትን ጠላ ሲጠጣ የኖረ ሰው ነው። ለዓመታት የሰንበቴያችን ቀማሽ ለነበሩ ሴት በመጨረሻ የተረፋቸው ስም ይኸው ሆነ፤ የቢራዋ ሴትዮ! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እስካሁንም አልቆጨኝም።

እሳቸው ከእንግዲህ ስለ ራሳቸው መናገር አይችሉም። በሕይወት ሳሉም አልተናገሩም። እኔ ግን በቦታው ነበርኩ፤ በዓይኔ ያየሁትን በጆሮዬም የሰማሁትን ስናገር የሚያምነኝ አጥቼ ኖሬአለሁ። አሁንም የማያምን ካለ የራሱ ጉዳይ ነው።

ያን ጊዜ ሞላሌ ገበያ ዳር ልብስ እሰፋ ነበር። የእትዬ አሰገደች ቤት ከሱቄ ጀርባ ነው። አጭር፣ ቀጠን ያሉ፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው የሚታጠቁ ሴት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መሬታቸውን የእኩል ሰጥተው ከገብሱ የሚደርሳቸውን ይዘው ይኖሩ ነበር። ሳቃቸው ከሱቄ ድረስ ይሰማል፤ ቁጣቸው ግን ድምፅ የለውም። ሲቆጡ ነጠላቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውሩታል። ያን ያየ ሰው ነገሩን ያሳጥራል።

ሰንበቴ የትም አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተራ የደረሰው ሰው ዳቦና ጠላ ይዞ ሰንበቴ ቤት ይመጣል፤ ካህኑ ይባርካሉ፤ ይበላል፣ ይጠጣል። በእኛ ደብር ግን ሌላ ቦታ ያላየሁት ሥርዓት ነበር። ቀማሽ ሳይቀምሰው ጠላው ለማንም አይቀዳም። ቀማሿ የመጀመሪያውን ዋንጫ ተቀብላ ከሦስት ቃል አንዱን ትናገራለች። «እሰይ» ካለች ጠላው ድንቅ ነው። «ይሁን» ካለች ይጠጣል። «ይቆይ» ካለች ግን ገና አልደረሰምና እንስራው መልሶ ይከደናል፤ ሰው ሁሉ፣ ካህኑም ጭምር፣ ዳቦውን በውሃ በልቶ ይሄዳል። ከጎረቤት ሌላ ጠላ አምጥቶ ነገሩን መሸፋፈን የለም። ባለ ተራው በሚቀጥለው እሑድ ይመለሳል።

እንግዲህ የእኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ። ይሉኝታ የሚገድለው ሰው ነው። የሰው ቤት ገብቶ የኮመጠጠ ነገር ቢቀርብለት «ግሩም ነው» ብሎ ይጨልጠዋል፤ ደጅ ከወጣ በኋላ ሆዱን ይዞ ያማል። እትዬ አሰገደች ይህ አልፈጠረባቸውም። ቅዳሜ ቀይ ሽንኩርት አይቀምሱም ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «አንቺ፣ ሽንኩርት በልቼ የሰው ድካም ላይ ልፍረድ እንዴ?» አሉኝ። ሰንበቴ ቤት ዋንጫውን ሲቀበሉ መጀመሪያ አፋቸውን በውሃ ይጉመጠመጣሉ። ከዚያ ያሸታሉ። ከዚያ አንድ ጉንጭ ይይዙና ሳይውጡ የጣራውን ማገር ያያሉ። ያን ጊዜ የሚያስነጥሰው እንኳ ማስነጠሱን ያቆያል።

የእኛ ጠላ ጥቁር ነው። ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፣ እንስራው በወይራ ይታጠናል። ሲጠጡት ጭሱ ይቀድማል፣ ገብሱ ይከተላል፣ ጌሾው ምላስ ጥግ ላይ ይቆያል። እሳቸው የሚፈልጉት እነዚህ ሦስቱ ሳይጣሉ እንዲመጡ ነበር። አንድ እሑድ የሰንበቴው ሙሴ ራሳቸው፣ ጋሽ ግዛው ባለ ወፍጮው፣ ተራቸው ሆኖ በትልቅ እንስራ አስጭነው መጡ። ሙሴ ማለት የሰንበቴው አለቃ ነው። እትዬ አሰገደች ቀመሱና «ይቆይ» አሉ። ጋሽ ግዛው ሳቁ፣ ቀልድ መስሏቸው። «አሰገደች፣ የማን ጠላ እንደሆነ አላየሽም?» አሏቸው።

«እኔ የምቀምስ ጠላውን ነው፤ ባለቤቱን አልቀምስ» አሉ እትዬ።

የዚያን ዕለት ሙሴውም እኛም ውሃ ጠጣን።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የባዩሽን ነው። ባዩሽ ባሏ ሞቶ ብቻዋን ቤት የያዘች፣ እጇም አፏም ፈጣን የሆነ ጎረቤታችን ናት። ተራዋ ሲደርስ ጠላውን አቻኩላ አመጣችው። «ይቆይ» ተባለች። ሰንበቴ ቤቱ መሐል አለቀሰች፤ ዳቦዋን እንኳ ሳታስባርክ ጥላ ወጣች። እኔ እንኳ በልቤ አዘንኩባቸው፤ አንድ ቀን ቢያልፏት ምን ነበረበት ብዬ። እትዬ አሰገደች በማግስቱ የወይራ ፍልጥ ታቅፈው ቤቷ ሄዱ። እኔ ሱቄ በር ላይ ሆኜ ንግግራቸውን እሰማለሁ።

«በእኔ የተቆጣሽ እንደሆን ተቆጭ፣ እችለዋለሁ። በጠላው ከሆነ ግን ነይ አብረን እንየው። እንስራሽን አውጭው» አሏት።

ባዩሽ አኩርፋ እንስራውን አወጣችው። ያን ቀን እየተነጫነጩ ሲያጥኑ ዋሉ። በሚቀጥለው እሑድ «ይሁን» ተባለላት። ባዩሽ ግን ይሁን የምትጠግብ ሴት አይደለችም። «ከእትዬ አፍ እሰይን ሳልሰማ አልሞትም» እያለች ትዝት ነበር። በየተራዋ ታመጣለች፣ በየተራዋ «ይሁን» ትባላለች፣ በየተራዋ እየተናደደች ትሄዳለች፤ ደግሞ ለምክር ወደ እትዬ ቤት ትመጣለች። እንዲህ ሆነው ወዳጅ ሆኑ።

ቢራዎቹ የመጡት በዚህ መሐል ነው።

የቢራ ጠማቂ ድርጅት ሰዎች ነበሩ፤ ከአዲስ አበባ፣ ገብስ ሊገዙ። ገበሬውን አዳራሽ ሰበሰቡና አዲስ ያወጡትን ጥቁር ቢራ አቀረቡ። ወኪላቸው አንደበቱ የተባ ወጣት ነው። ቢራው በቤልጂየም ገበሬዎች አሠራር የተጠመቀ ነው አለ። እዚያ አገር ድሮ ገበሬው በክረምት ጠምቆ ያስቀምጥና በአጨዳ ጊዜ ለሚያግዙት ሰዎች ያጠጣ እንደነበር ተረከ። እትዬ አሰገደች ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ቀማሽ መሆናቸውን ሰምተው እሳቸውን ለይተው ነው የጠሯቸው። እኔም አብሬያቸው ሄጃለሁ።

«ለደቦ ማለት ነዋ!» አሉ እትዬ ጮክ ብለው። «እኛስ ለደቦ አይደል የምንጠምቅ? እንግዲያ ዘመዶች ነን።» አዳራሹ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከልባቸው ነው ደስ ያላቸው። በማያውቁት አገር ያለ ገበሬ ለደቦ ጥቁር ጠላ እንደሚጠምቅ ሰሙ፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ።

ብርጭቆው መጣ። አፋቸውን ተጉመጠመጡ። አሸተቱ። አንድ ጉንጭ ይዘው የአዳራሹን ቆርቆሮ አዩ። እኔም ቀመስኩት። እንደ ተጠበሰ ዳቦ ቅርፊት ይላል፤ ትንሽ ይጣፍጣል፤ ከዚያ ጋዙ ይመጣና አፍ ይሞላል፤ መራራው ብቻውን ኋላ ይቀራል። መጥፎ አልነበረም።

እትዬ ዋጡና፣ «ገብሱ ደግ ነው፤ አቆላሉን ችለውበታል» አሉ። «መራራውና ገብሱ ግን አልተስማሙም፤ ጋዙም አቻኩሎታል። ይቆይ።»

ወኪሉ ይቆይ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ። አስረዱት። ሦስቱንም ቃል በየተራ አስረዱት። ከወኪሉ ጋር የመጣ ካሜራ ያዥ ጠጋ አለ። ወኪሉ «እማማ፣ በጣም ድንቅ ጠላ ሲያገኙ እንዴት ነው የሚሉት? እስቲ ያሳዩን» አላቸው። እሳቸውም ብርጭቆውን ከፍ አድርገው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ስቀው፣ «እሰይ!» ብለው አሳዩት። እንግዳ የጠየቃቸውን መንገር ነው እንጂ ሌላ ምን ያስባሉ?

ብዙም አልቆየም። የበቆሎ ማሳ የሚያክል ማስታወቂያ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የእትዬ አሰገደች ፊት፣ በእጃቸው ያ ጥቁር ቢራ፣ ከሥሩ በቀይ ፊደል «እሰይ!»። ሌላ ምንም የለም። በሌላ አገር ቢሰቀል ማስታወቂያ ነው፣ ታይቶ ይታለፋል። በእኛ አገር ግን ፍርድ ነው። ሙሴው ያላገኘውን፣ ባዩሽ ስታለቅስበት የኖረችውን፣ አንዲት ሴት ሰስታ የያዘችውን ቃል ጠርሙስ ወሰደው።

ሰዉ ምን አለ? ሰዉማ ለምን ዝም ይላል! «ለእኛ ስትሰስተው የነበረውን ለቢራ ሰጠችው» አለ። «ሳይከፍሏት አትልም» አለ። እኔ ሱቄ የሚመጣውን ሁሉ ልብስ እየለካሁ እነግራለሁ፤ አላሉም፣ ይቆይ ነው ያሉት፣ አጠገባቸው ነበርኩ እላለሁ። «አንቺ ጎረቤቷ አይደለሽ፣ ምን ልትዪ ኖሯል» ይሉኛል። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ያየውን ያምናሉ፤ ለዓመታት ጆሯቸው የሰማውን አያምኑም። በዚህ ተንጨርጭሬ አላባራሁም።

ወኪሉ መሐል ሜዳ ከተማ መጋዘን ነበረው። እትዬን ይዤ ሄድኩ። እኔ እንኳ ልጮህ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን ጠላ ሊቀምሱ የሄዱ ይመስል ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ልጄ፣ ፊቴን ተወው፣ ይሰቀል። ቃሉን አውርድልኝ» አሉት።

«እማማ፣ ማስታወቂያ እኮ ነው። ደግሞ እሰይ ብለዋል፤ ቪዲዮው አለ።»

«እንዴት እንደምል አሳዪን ስላልከኝ አሳየሁህ። ስለ ቢራው ያልኩት ይቆይ ነው።»

«ይቆይ ብለን እንስቀል ታዲያ?» አለና ሳቀ። መጋዘኑ ውስጥ የነበሩትም አብረው ሳቁ። «ማን ይጎዳል እማማ? እንዲያውም ታዋቂ ሆኑ። እስቲ ለእናታችን አንድ ካርቶን አውጡላቸው!»

እትዬ ነጠላቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩት። ካርቶኑን አላዩትም። «ተነሽ እንሂድ» አሉኝ፤ እኔ ግን አልተቀመጥኩም ነበር። ወኪሉን የምችለውን ሁሉ ሰድቤው ወጣሁ። ለመንግሥት ቢሮም አመለከትኩ፤ «ሴትዮዋ ፈቅደው ነው የተቀረጹት» ተባልኩ። ማታለል ፈገግ ብሎ ከመጣ ፈቃድ ይባላል ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን የባዩሽ ተራ ደረሰ። እንስራዋን ራሷ አዝላ አመጣችው። እትዬ አሰገደች እንደ ወትሯቸው ቀመሱ። የጣራውን ማገር ሲያዩ ከወትሮው ቆዩ። እኔ ፊታቸውን አውቀዋለሁ፤ ሲበራ አየሁት። ዋጡና «እሰይ!» አሉ። «እሰይ ባዩሽ!»

ከወደ ኋላ አንዱ፣ «ለጠርሙሱም ብላዋለች» አለ። ሰንበቴ ቤቱ ሳቀ። ጋሽ ግዛው ከሁሉ በላይ ሳቁ። ከእኔና ካንድ ሁለት አሮጊቶች በቀር ያልሳቀ አልነበረም።

ባዩሽ መሐል ቆማ ነበር። «እትዬ፣ ይችን ቃል ስጠብቃት ኖርኩ» አለች። «አሁን ምን ላድርጋት?»

እትዬ አሰገደች ሲመልሱ ድምፃቸው አልተሰበረም። «ጠላሽ ልክ ነው ልጄ። የማልታመነው እኔ ነኝ» አሉ። ዋንጫውን መደቡ ላይ ደፉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀምሰው አያውቁም። ሰንበቴ መምጣቱን አልተዉም፤ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠው የተሰጣቸውን ይጠጣሉ፣ ስለ ጠላው ትንፍሽ አይሉም። ሌላ ቀማሽም አልተተካ። ከዚያ በኋላ የቀረበው ሁሉ፣ ጉሹም ቅራሪውም፣ «ግሩም ነው» እየተባለ ተጠጣ። ሰዉ የፈለገው ይህን ኖሮ ይሆናል። እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ስዘዋወር ሊሸኙኝ መጡና፣ «አፌ አሁንም ይለያል እኮ፤ የሚጠይቀኝ ነው የጠፋው» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ስለዚህ ነገር ሲያወሩ አልሰማሁም።

ለአርባቸው ሞላሌ ወረድኩ። አውቶቡሱ መናኸሪያ ሲገባ ያ ማስታወቂያ እንደተሰቀለ ነው። ፀሐይና ዝናብ ፊታቸውን አጥቦ ነጭ አድርጎታል። አሁን አይቶ የሚለያቸው የለም። ቀዩ «እሰይ!» ግን ከሩቅ ይነበባል። ፊቴን ተወው፣ ቃሉን አውርድ ብለውት ነበር እኮ።

ዳሱ የተጣለው በግቢያቸው ነው። ዳቦውንም ጠላውንም ያሰናዳችው ባዩሽ ናት። ስገባ ከዳሱ ጥግ የተደረደረ ካርቶን አየሁ። ያው ጥቁር ቢራ! ወኪሉ «ለእናታችን መታሰቢያ» ብሎ ልኮት፣ ጋሽ ግዛው አመስግነው ተቀብለውታል። ተመልሼ ልወጣ ነበር። ባዩሽ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

ካህኑ ዳቦውን ባረኩ። አሳላፊው እንስራውን አዘንብሎ ሊቀዳ ሲል ባዩሽ መጣችና በእጇ አፉን ከደነችው። ዋንጫ አምጡልኝ አለች። አፏን በውሃ ተጉመጠመጠች። አሸተተች። አንድ ጉንጭ ይዛ የዳሱን ማገር አየች። ዳሱ ጸጥ አለ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ያንን ጸጥታ ሰማሁት። ወሩ የውርጭ ነው፤ ብርዱ ጠላውን ሳይደርስ ይዞት ነበር። እሷም ታውቃለች፣ እኛም ፊቷን ስናይ አወቅን።

«ይቆይ» አለች።

የራሷን ጠላ! በተዝካር ቀን! ጉምጉምታ ተነሣ። ጋሽ ግዛው ብድግ አሉ። «ባዩሽ፣ ይሄ ሰንበቴ አይደለም፤ ሰው ከስንት አገር መጥቷል። አታዋርጅን እንጂ!»

«ጠላው የእኔ ነው። የተዋረድኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ይሁን፤ ቢራ ሞልቶ የለም እንዴ» አሉና ሴንጢያቸውን አውጥተው ወደ ካርቶኑ ሄዱ። ባዩሽ አልተከተለቻቸውም። ካለችበት ሆና ነው የተናገረችው።

«እሱን ይተዉት ጋሽ ግዛው። እሱን እትዬ ራሳቸው ቀምሰውታል። ይቆይ ብለውታል።»

ጋሽ ግዛው ሴንጢውን እንደዘረጉ ቆሙ። ዞረው እኔን ፈለጉኝ። «አንቺ አልነበርሽም አብረሽ?» አሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስለፈልፍ ሳይሰሙኝ ኖረው አሁን ጠየቁኝ። ሴትዮዋ አፈር ውስጥ ከገቡ በኋላ! ብዙ ልናገር አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

«ይቆይ ነው ያሉት» አልኩ።

ሴንጢውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ካህኑ ወደ አሳላፊው ዞረው «ውሃ አምጣ» አሉ። ዳቦውን በውሃ በላን። ማንም ከጎረቤት ጠላ ላምጣ አላለም።